ገዳሙን መልሶ መሥራት ይቻላል፤ መምህሩንስ?

ሞንጎሊያ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ የሚመጣልን ጄንጊስ ካን ነው፤ ከዚያ ፈረስ፣ ከዚያ ብርድ። እኔም ማስተርሴን ስሠራ ከአንድ ሞንጎሊያዊ ጋር ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ባልቀመጥ ኖሮ ከዚህ አላልፍም ነበር። ልጁ ሃይማኖተኛ አይደለም፤ እንደ እኔው ኮድ ጸሐፊ ነው። አንድ ምሽት ስለ ደርግ ዘመን ሳጫውተው ፓትርያርካችን እንደተገደሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና "አንድ ብቻ ናቸው የተገደሉት?" አለኝ። ለማሽሟጠጥ አልነበረም። እሱ ባደገበት አገር እንዲህ ያለው ነገር የሚቆጠረው በሺዎች ስለሆነ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ። ይህን የምጽፈው ለቡድሂዝም ጥብቅና ለመቆም አይደለም። እኔ የዚያ እምነት ተከታይ አይደለሁም፤ ከእናንተም አብዛኞቻችሁ አይደላችሁም። አንድ መንግሥት ሃይማኖትን ማጥፋት ሲፈልግ በትክክል ምን እንደሚያደርግ ከሞንጎሊያ በላይ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ አገር ስላላገኘሁ ነው። የሃይማኖት ጭቆና ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የተቃጠለ ሕንፃ ነው። ሕንፃ ግን የነገሩ ቀላሉ ክፍል ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1921 አብዮተኞቹ በሶቪየት ጦር ድጋፍ ሥልጣን ሲይዙ ሞንጎሊያ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን የማይሞላ አገር ነበረች። በዚህች አገር ከ700 በላይ ገዳማትና ወደ 100,000 የሚጠጉ ላማዎች ነበሩ። ላማ ማለት በእነሱ ዘንድ መነኩሴም መምህርም ነው። ከአዋቂ ወንዶች ሲሦው ገደማ ላማ ነበር ማለት ነው። ገዳሙ ትምህርት ቤት ነው፤ ገዳሙ ሐኪም ቤት ነው፤ ብድርም የሚገኘው ከገዳሙ ነው። ዋና ከተማዋ ራሷ የበቀለችው በገዳም ዙሪያ ነው።

ሀብቱም የዚያኑ ያህል ነበር። ገዳማቱ ብዙ ከብት ነበራቸው፤ "ሻቢ" የሚባሉ፣ ለገዳም ብቻ የሚገብሩና የሚያገለግሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ነበሯቸው። ትንንሽ ልጆች ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ለገዳም ይሰጡ ነበር። ከእነዚህ አንዱ በ1895 የተወለደው ቾይባልሳን ነው፤ በልጅነቱ ገዳም ገብቶ፣ ኋላ ጠፍቶ ወደ ዋና ከተማዋ የሸሸ ልጅ። ይህን ስም ያዙልኝ። እንግዲህ ለውጥ ያስፈልግ ነበር ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ ያስፈልግ ነበር። ከላማዎቹ መካከልም ይህንኑ የሚሉ ነበሩ። ጊዜው ሲደርስ ግን እነሱም ከሌሎቹ ጋር አብረው ተበሉ።

የመጀመሪያው ምት ጥይት አልነበረም። በ1924 የአገሪቱ ንጉሥም የሃይማኖት መሪም የነበሩት ቦግድ ካን ዐረፉ። ስምንተኛው ጄብትሱንዳምባ ነበሩ። በዚያ እምነት እንዲህ ያለ ታላቅ ላማ ሲያርፍ በሌላ ሕፃን ሥጋ ዳግም ተወልዶ ይመለሳል ተብሎ ይታመናል፤ ሊቃውንቱ ሕፃኑን ፈልገው፣ ፈትነው በመንበሩ ያስቀምጡታል። አዲሱ መንግሥት በዚያው ዓመት ሕዝባዊ ሪፐብሊክ አወጀ፤ ጥቂት ቆይቶም ዘጠነኛውን መፈለግ ከለከለ። በቃ። ለዚህ ተብሎ አንድ ድንጋይ አልፈረሰም። መንበሩ ግን ባዶውን ቀረ። "ቀጣዩ ማን ነው?" የሚለውን ጥያቄ መንግሥት ወስዶ ኪሱ ከተተው።

ከ1928 እስከ 1932 ደግሞ ነገሩን በጉልበት ሞከሩት። የገዳማትና የመኳንንት ንብረት ተወረሰ፤ አርብቶ አደሩ በግድ ወደ ኅብረት ሥራ ተነዳ። በ1932 አገሪቱ በዓመፅ ነደደች። ላማውም እረኛውም አብሮ ተነሣ። ዓመፁ በደም ከታፈነ በኋላ ሞስኮ ራሷ ረገብ እንዲሉ አዘዘች። ለእኔ ትልቁ ትምህርት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፊት ለፊት መግጠም እንደማያዋጣ ስለገባቸው ሥራው ወደ ቢሮ ገባ። ለውትድርና የደረሰ ላማ ካላገለገለ ልዩ ግብር ይክፈል ተባለ። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ገዳም እንዳይገባ ተከለከለ። በየገዳሙ የመንግሥት ተወካይ ተመደበ። ላማዎቹ ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ተብለው ተከፋፈሉ፤ ዝቅተኛው የተበዘበዘ ወንድም፣ ከፍተኛው ጠላት።

ልብ በሉ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ደህና ይመስላል። ሕፃን ልጅ ገዳም ከሚሰጥ ይማር ቢባል ማን ይቃወማል? ያለው ግብር ይክፈል ቢባልስ? የመንግሥት ሰው ሒሳቡን ይይ ቢባልስ? እኔ እንጀራዬ ዳታቤዝ ነው፤ መዝገብ በራሱ ክፉም ደግም አይደለም። ግን አንድ ሰው ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቶ ምድብ ከተሰጠው በኋላ ቀጣዩን ትእዛዝ መፈጸም ምን ያህል ቀላል እንደሚሆን አውቃለሁ። ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረገ መጠየቅ አያስፈልግም። ምድቡን ማየት ይበቃል።

ስታሊን ይህ ሁሉ ዘገየበት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጌንደን ላማዎቹን እንዲያጠፉ ደጋግሞ ይጫናቸው ነበር። ጌንደን የለየላቸው ኮሚኒስት ናቸው፤ የገዳማቱ ጉልበት እንዲቀንስም ይፈልጋሉ። ወገናቸውን መፍጀት ግን አልፈለጉም። በ1935 መጨረሻ እዚያው ሞስኮ ላይ ከስታሊን ጋር ተጣሉ። በ1936 ከሥልጣን ወረዱ፤ በኖቬምበር 1937 ሞስኮ ላይ ተረሸኑ። (ከኮሚኒዝም ውድቀት በኋላ ልጃቸው የአባቷን የኡላንባታር ቤት ለሰለባዎቹ መታሰቢያ ሙዚየም አድርጋዋለች።)

በኦገስት 1937 የሶቪየት የደኅንነት መሥሪያ ቤት ምክትል ኃላፊ ፍሪኖቭስኪ ኡላንባታር ገባ። 115 ስም የያዘ ዝርዝር ይዞ ነበር። ሴፕቴምበር 10 እስሩ ተጀመረ። በሞንጎሊያ በኩል ሥራውን የመራው ያ ከገዳም የጠፋው ልጅ ነው፤ ቾይባልሳን። በኦክቶበር ታላላቆቹ ላማዎች ለጃፓን ይሰልላሉ ተብለው በአደባባይ ችሎት ቆሙ። ጃፓን ማንቹሪያን ይዛ ድንበሩ ላይ ተቀምጣ ስለነበር ክሱ ለሰሚው የሚመስል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ችሎትም ቀረ። አንድ ልዩ ኮሚሽን እየተሰበሰበ ስም ይዞ ይገባል፣ ፍርድ ይዞ ይወጣል። በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ ከ20,000 በላይ ሰው ተረሸነ፤ አብዛኞቹ ላማዎች ናቸው። ከአገሪቱ ሕዝብ ከ100 ሰው ከ2 በላይ ማለት ነው። በጥቅሉ ሲታይ ከፍተኞቹ ተረሸኑ፤ መካከለኞቹ ታሰሩ፤ ዝቅተኞቹ ልብሳቸውን አውልቀው ወታደር፣ አናጢ፣ እረኛ ሆኑ። ምድቡ ሥራውን ሠራ። ከጅምላ መቃብሮቹ አንዱ በ1991 ሙሩን ከተማ አጠገብ፣ ሌላው በ2003 እዚያው ኡላንባታር ተገኝቷል።

ገዳማቱ ከጥቂቶች በቀር ፈረሱ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ኤርደኔ ዙ ቅጥሩና ጥቂት ቤተ መቅደሶቹ ብቻ ቀሩለት። በዋና ከተማዋ በጋንዳን ገዳም የቆመው፣ ከ20 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጃንራይሲግ ሐውልት በ1938 ተነቅሎ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተጋዘ፤ ከዚያ አልተመለሰም። አሁን ያለው በ1996 ሕዝቡ አዋጥቶ ያሠራው ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የከነከነኝ ግን ፊደሉ ነው። በ1940ዎቹ ሞንጎሊያውያን ከላይ ወደ ታች የሚጻፈውን ጥንታዊ ፊደላቸውን ትተው በሩስያ ፊደል እንዲጽፉ ተደረገ። የእኛን ፊደል ለማያውቅ ሰው ይህ ቴክኒካዊ ነገር ይመስለዋል። እስቲ አስቡት፤ አንድ ትውልድ አድጎ የአያቱን ደብዳቤ ማንበብ ሲያቅተው። የሃይማኖት መጻሕፍቱ ብዙዎቹ ለነገሩ በቲቤት ቋንቋ ነበሩ፤ ልክ የእኛዎቹ በግእዝ እንደሆኑት። እነሱን የሚያነበው ላማው ነበር፤ እሱ ደግሞ የለም። መጽሐፍ ማቃጠል እንኳ አያስፈልግም። አንባቢውን ማስቀረት ይበቃል።

ከዚያ የመጣው ደግሞ ያስቃል፣ ካሳቀ። በ1944 ጋንዳን ገዳም እንደገና ተከፈተ። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት ሄንሪ ዋላስ ኡላንባታርን ጎብኝተው ነበር፤ ገዳሙ ለእሳቸው እንዲታይ ነው የተከፈተው የሚሉ አሉ። ያም ሆነ ይህ ከ700 በላይ ገዳማት በነበሩባት አገር ለአሥርት ዓመታት የሚቀደስበት ይህ አንዱ ብቻ ሆነ፤ ጥቂት ሽማግሌ ላማዎች፣ እነሱም መንግሥት እያያቸው። እንግዳ ሲመጣ "ይኸው፣ የእምነት ነፃነት አለ" ለማለት ይጠቅማል። በ1970 አነስተኛ የቡድሂስት ኮሌጅ ተከፈተ፤ የእስያ ቡድሂስቶች የሰላም ጉባኤ የሚባል ማኅበርም መቀመጫው እዚያው ሆነ። በየስብሰባው የለበሱ ላማዎች ፎቶ ይነሣሉ። ይህ ከመፍረሱ የባሰ ነው እላለሁ። የፈረሰ ነገር ቢያንስ መፍረሱ ይታያል።

በ1990 ሁሉም ነገር ሲከፈት ምን ተገኘ? መጀመሪያ ብቅ ያሉት ከ70 ዓመት ያለፉ ሽማግሌዎች ናቸው። ልጅ ሆነው ገዳም የነበሩ፣ ከዚያ ሾፌር፣ እረኛ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ሆነው ያረጁ፣ አግብተው የልጅ ልጅ ያዩ። ሃምሳ ዓመት በልባቸው የያዙትን ጸሎት እያስታወሱ ማዜም ጀመሩ። በጎቢ በረሃ ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። ዳንዛንራቭጃ የሚባለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ላማና ባለቅኔ ንብረት ጠባቂ የነበረው ሰው በ1938 ገዳሙ ሳይፈርስ በፊት 64 ሣጥን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት በየቦታው ቀብሮ ነበር። ቦታውን ለልጅ ልጁ አሳይቶ ሞተ። ልጁም አድጎ፣ ጊዜው ሲደርስ ቆፍሮ ማውጣት ጀመረ። ዛሬ ሳይንሻንድ ከተማ ውስጥ ሙዚየም ሆኗል። በሙያችን ባክአፕ የምንለው ይህን ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ሰው አገልጋይ ክፍል ውስጥ አይገኝም።

ሣጥኑ ወጣ፤ መጽሐፉን ገልጦ የሚያስተምረውስ? ሽማግሌዎቹ ገዳም የነበሩት በልጅነታቸው ነው፤ ብዙዎቹ ትምህርታቸውን አልጨረሱም። በእነሱና በወጣቶቹ መካከል መኖር የነበረበት ትውልድ የለም። የአርባ ዓመት መምህር የለም፤ የሃምሳ ዓመት አበምኔት የለም። ክፍተቱን ለመሙላት ወጣቶቹ ወደ ደቡብ ሕንድ፣ ወደ ስደተኞቹ የቲቤት ገዳማት ተላኩ። ሕንድም በዚያው በ1990 አምባሳደር አድርጋ የላከቻቸው ከላዳክ የመጡት መነኩሴ ኩሾክ ባኩላ ነበሩ፤ አሥር ዓመት ተቀምጠው ከኤምባሲ ሥራቸው ጎን ለጎን ገዳም ሲያስከፍቱ ኖሩ። አንድ ሕዝብ የገዛ ሃይማኖቱን ከስደተኞች ተበድሮ እንደገና ሲማር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣ ክርክር አለ፤ በተለይ እኛ ተምረናል የምንለው ዘንድ። "ኮሚኒስቶቹ ባይመጡ ሞንጎሊያ እስከ ዛሬ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ሐኪም ቤት አይኖርም ነበር" ይባላል። መሃይምነትን ማጥፋታቸው እውነት ነው፤ ዘመናዊ ሕክምና ማስፋፋታቸውም እውነት ነው። ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ሂሳብ ለማስተማር የሎጂክ መምህሩን መረሸን ለምን አስፈለገ? ቂጥኝ ለማከም ዕፀዋት አዋቂውን ማጥፋት ምን ይባላል? ያን ሁሉ ትምህርት ቤት የሠራ መንግሥት በ20,000 ሰዎች መሞት ያተረፈው አንድም የመማሪያ ክፍል የለም። ይህን ክርክር የምታነሡ ወዳጆቼ "ሌላ መንገድ አልነበረም" የምትሉት ነገር፣ ጌንደን የተገደሉት ሌላ መንገድ አለ ስላሉ መሆኑን እንዳትረሱት።

ወደ ራሳችን ልምጣ። ደርግ ሞንጎሊያን አልደገመም፤ አብያተ ክርስቲያናትን በጅምላ አላፈረሰም። በ1975ቱ የመሬት አዋጅ (በእኛ 1967) የቤተ ክርስቲያኒቱ መሬት ተወሰደ። በ1976 አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1979 ተገደሉ። አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በዚያው በ1979 የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ታፍነው ተገደሉ። ግን አንድ ነገር አልተቋረጠም። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ መዞሩን አልተወም፤ የቅኔ መምህሩ ከጎጆው ደጅ ተቀምጦ ማስነገሩን አልተወም። አገዛዙ 17 ዓመት ቆየ። 17 ዓመት ከአንድ መምህር ዕድሜ ያንሳል። ከ1938 እስከ 1990 ያለው 52 ዓመት ግን ይበልጣል። በእኛና በሞንጎሊያ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይኸው ይመስለኛል፤ የእምነት ጥንካሬ አይደለም፣ የጊዜ እድል ነው።

የተረፈን ቁስል በሌላ በኩል ነው። ደርግ መንበሩን አላጠፋውም፤ የሚቀመጥበትን ሰው ቀየረ እንጂ። ከዚያ ወዲህ መንበሩና ቤተ መንግሥቱ ተለያይተው አያውቁም። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ፓትርያርኩም ተለወጡ፤ በስደት ሌላ ሲኖዶስ ቆመ። እዚህ ውጭ አገር ያለን ሰዎች የከፈልነውን እናውቃለን፤ ስንት ደብር ለሁለት ተከፈለ፣ በአንድ ሠርግ ላይ ስንት ዘመድ ሳይሰላለም ተቀመጠ። በ2018 ዕርቅ ሆነ፤ ተመስገን ነው። የሚያናድደኝ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የመንግሥት እጅ በሃይማኖት ቤት ውስጥ ሲገባ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መጀመሪያ የምንጠይቀው "የተሾመው የማን ወገን ነው?" መሆኑ ነው። የእኛ ከሆነ ዝም። የእነሱ ከሆነ ሰላማዊ ሰልፍ።

ይህን ጨዋታ ዛሬ በትልቁ የምትጫወተው ቻይና ናት። በቲቤት መጀመሪያ የሞንጎሊያን መንገድ ሄዱበት። አሥረኛው ፓንቼን ላማ በ1962 ለቻይና መሪዎች በጻፉት ረጅም አቤቱታ፣ ዛሬ የቲቤት ራስ ገዝ በሚባለው ክልል ከነበሩት ከ2,500 የሚበልጡ ገዳማት የቀሩት 70 ገደማ ብቻ መሆናቸውን ገልጸዋል። ይህ የባህል አብዮቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ለጻፉት አቤቱታ ዓመታት ታሰሩበት። በኋላ ግን ፓርቲው ዘዴውን ቀየረ። በ1995 ዳላይ ላማ አሥራ አንደኛው ፓንቼን ላማ ነው ያሉትን የ6 ዓመት ልጅ የቻይና ባለሥልጣናት ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ በአደባባይ አልታየም። በምትኩ ሌላ ልጅ ሾሙ። በ2007 ደግሞ ዳግም የሚወለድ ላማ ሁሉ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል የሚል ደንብ ወጣ። እግዚአብሔርም ነፍስም የለም የሚል ፓርቲ፣ ነፍስ በማን ሥጋ ትመለስ እንደሆነ ማመልከቻ ይቀበላል። ኡላንባታር በ1920ዎቹ ዳግም ውልደትን ከለከለች፤ ቤይጂንግ ፈቃድ ሰጪ ሆነች። ሁለተኛው የበለጠ ብልጠት አለው፤ ምክንያቱም ወንበሩ ባዶ አይሆንም።

የሞንጎሊያው ዘጠነኛ ጄብትሱንዳምባም ነገር ያልቅ መስሎ አላለቀም። መንግሥት ፍለጋውን ቢከለክልም በቲቤት አንድ ሕፃን በምስጢር ታውቆ ነበር። ማንነቱ ተሰውሮ አደገ፤ በ1961 ወደ ሕንድ ተሰደደ፤ ስሙ በይፋ የተነገረው በ1991፣ እሱ ወደ 60 ሲጠጋ ነው። በ2010 የሞንጎሊያ ዜግነት አግኝተው በ2012 ኡላንባታር ውስጥ ዐረፉ። በ2016 ዳላይ ላማ ሞንጎሊያን ሲጎበኙ ቻይና ንግግሮችን አቋረጠች፤ በድንበር በሚያልፍ ዕቃ ላይ አዲስ ክፍያ ጣለች። የሞንጎሊያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ዳላይ ላማ ሁለተኛ እንደማይጋበዙ ለመናገር ተገደዱ። በጁላይ 2025፣ 90 ዓመት ሊሞላቸው አራት ቀን ሲቀራቸው፣ ዳላይ ላማ ተተኪያቸውን የመለየት ሥልጣን የእሳቸው ተቋም ብቻ መሆኑን አስታወቁ፤ ቤይጂንግ ደግሞ የማዕከላዊ መንግሥት ይሁንታ ግድ ነው ስትል ወዲያው መለሰች።

አሥረኛው ጄብትሱንዳምባ የተባለው ልጅ በማርች 2023 በዳራምሳላ ከዳላይ ላማ አጠገብ ታይቷል። የሞንጎሊያውያን ልጅ ነው፤ የተወለደው ግን እንደ ብዙዎቻችን ልጆች አሜሪካ ነው። የአገሩ መንግሥት በይፋ ምን ይለው እንደሆነ ብዙ ሰው ይጠብቃል። የሞንጎሊያ የወጪ ንግድ ከ80 በመቶ በላይ የሚሄደው ወደ ቻይና ነው።